ገጽ ገላጩ

ሪጋን በረዶ ውጧት፣ አዳራሹ ሞልቷል፤
ዘልማ ካልቬ ገባች፤ ጭብጨባው ቀልጧል።
እኔ ከግራዋ፣ በትንሽ ወንበር ላይ፣
ገጽ ልገልጥላት፣ ማንም እኔን ሳያይ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት አንገቷን ጠብቄ፣
የሚገለጥበትን ከትንፋሿ አውቄ።

ባቡር፣ ሆቴል፣ ባቡር። ጥቁር ቀሚስ፣ ቅባት፤
የልጇ ሠርግ ዕለት፣ እሷ ሔልሲንኪ ናት።

የቀለበት ጣቷ ከዳት ዛሬ ማታ፤
አንድ ኖታ ዘለላት፣ በዜማው ከፍታ።
ማንም ልብ አላለም፤ ቆሞ ያጨበጭባል፤
ያልተመታው ግን በኔ ጆሮ ያስተጋባል።

ከመጋረጃው ጀርባ «ሰማኸው?» አለችኝ።
«ምኑን?» አልኩ።
ሳቀችና በዚያው ጣት ነካችኝ።

ነገ ታሊን አለን። ደብተሩን ዘጋሁት፤
የታጠፈ ጥጉን በጥፍሬ አቀናሁት።