ሁለት ፊደል

ሱራት ከተማ ነው፤ ከሌሊቱ ስምንት፣
መቶ ሃያ መሸመኛ ይፈጫል ባንድ ቤት።
እዚህ ረጅም ቃል ከአፍ አይሻገርም፣
ግማሹን ማሽን በልቶት ግማሹም አይደርስም።
"የየት ነህ?" ሲሉህ
አፍህን ከሰው ጆሮ ለጥፈህ፣
ሳንባህ በፈቀደው ባንድ ትንፋሽ ጮኸህ፣
"ዩፒ!" ትላለህ።
ደረሰ። ተገላገልህ።

እኔ ኤምፒ ነኝ።
ማለቴ፣ አገሬ ማድያ ፕራዴሽ ነው፣ መሃል አገር እንደ ማለት፤
ግን ክር ሲበጠስ እያየ
ስም የሚያስረዝም ማን አለ?

ሱግሪቭ የዩፒ ነው። ያገሩን ስም እንደ ጥፍር ቆርጦ ይጥለዋል።
አያቱም ዩፒ ነበሩ፣ በእንግሊዞቹ ጊዜ፤
ያኔ ፊደሎቹ የያዙት ሌላ ስም ነው፣ "የተባበሩ አውራጃዎች" የሚል።
ነጩ ሄደ፣ ስሙ ተለወጠ፣ ኡታር ፕራዴሽ ተባለ፤
ፊደሎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም፣
ቤቱ ሲሸጥ በሩ ላይ እንደሚቀር ቁልፍ።
"ሰነፎች ነን" ይላል ሱግሪቭ፣
"ቁልፍ ከመቀየር ቤት መቀየር ቀለለን።"

ላላን የቢሃር ነው፤ የሚያሳጥረው የለውም።
"ቢሃር ከተፈጥሮው አጭር ነው፣ እንደኔ ቁመት።"
ሳርበሽዋር ኦዲሻ አይልም፤ "ጋንጃም!" ይላል፣ አውራጃውን፤
እዚህ አዳራሽ ከአሥር ሸማኔ ሰባቱ የጋንጃም ልጅ ነዋ!
ብዙ ሆነህ ስትሰደድ
አገርህ ጠባ ሰፈር ታክላለች።

ከዳር ሲንግ ግን የተራራ ሰው ነው፣
ዝምተኛ፣ ሻዩን አቀዝቅዞ የሚጠጣ።
ሲወለድ ዩፒ ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባም ዩፒ።
አንድ ቀን እንጨት ለቅሞ ሲመለስ
"ግዛታችን ሌላ ሆኗል" አሉት።
ቤቱ ካለበት አልተነሣም፣
ላሚቱም እዚያው በረቷ፤
ድንበሩ ነው ብድግ ብሎ የሄደው።
ቀጥሎ ስሙም አልበረከተም፤
ኡታራንቻል አሉት፣ ኋላ ኡታራካንድ፣
የመኪና ታርጋው ላይ ዩኤ የነበረው ዩኬ ሆነ።

ሥራ የጀመረ ዕለት ፎርማኑ ጮኾ፣ "የየት ነህ?"
"ዩኬ!" አለ ከዳር።
ሱግሪቭ በሳቅ ማሽኑ ላይ ሊወድቅ፦
"እሰይ! ከለንደን ሸማኔ መጣልን!
ጉሙ እንዴት ነው? ዝናቡስ?"
ከዳርም አብሮን ሳቀ፣ ጥርሱ ሳይታይ።

ንጋት ላይ፣ የቀን ፈረቃዎቹ በተነሡበት ፍራሽ፣
ሙቀታቸው ገና ሳይለቀው ስንጋደም፣
ጣሪያውን እያየ እንዲህ አለኝ፦
"ዩፒ ብል ውሸት ይሆናል፣
ዩኬ ብል ቀልድ ይሆናል፣
ሙሉውን ልበል ስል ክሩ ይበጠሳል።"
የምመልሰው አጣሁ። እንቅልፍ የወሰደኝ መሰልኩ።

አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ።
መቶ ሃያ ማሽን ባንዴ ዝም ሲል
ጆሮ ያማል ለካ።
የገዛ ትንፋሼን ሰማሁ፤
ጉሮሮዬ ለጩኸት እንደተሰናዳ ቀረ።
ላላን በጨለማው ውስጥ በሹክሹክታ፣
"የየት ነህ?" አለ፣ ለቀልድ።

"የኡታር... ፕራዴሽ" አለ ሱግሪቭ፣
እንደ ሸንኮራ እያላመጠ፣ ምጣጩን የመትፋት ያህል ቆየ።
"እኔ የማድያ ፕራዴሽ" አልኩ፤
ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ፤
በቃሉ መካከል አንድ የውኃ ጉድጓድ መጣብኝ፣
ገመዱ የላጠው የእናቴ መዳፍ፣
ኤምፒ ስል በሰባት ዓመት አንዴ ያልመጣ።
ሳርበሽዋርም ጋንጃምን ትቶ ኦዲሻ አለ፣
ቀስ ብሎ፣ ያፈረ ይመስል።

ተራው የከዳር ሆነ።
ጉሮሮውን ጠረገ። ሁላችንም ሰማነው።
"እኔ" አለ፣ "እኔ የኡ... ታ... ራ..."

መብራት መጣ።

ማሽኑ ሁሉ ባንድ ጊዜ ጮኸ።
ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየን፤
የቀረችውን ቁራጭ አለ፣ እኛ አልሰማንም።

ከዚያ ወዲህ "ኡታራ" ነው የምንለው።
ፎርማኑም ደመወዝ መዝገቡ ላይ እንዲሁ ጽፎታል፣
መስመሩ ጠባብ ነው፣ ልክክ አለለት።
ስንጠራው ዞር ይላል።