ታኮ

በአርባ ሦስት ድምፅ ነው የተሸነፍኩት።
መብራት ጠፍቶ ነበር፤ በሻማ አስቆጠርኩት፤
አርባ ሦስት ሰው ማለት፣ ትርፍ እየጫነ፣
የሸዋ በር ሚኒባስ ሦስት ምልልስ ሆነ።

የኛ ምልክት ፋኖስ፣ የሷ ጃንጥላ ነው፤
ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ ሰኔ እያካፋ
በጃንጥላ መረታት ምኑ ነው ሚገርመው?
ፋኖስማ ጠፋ።

ጧት ቢሮ ገባሁኝ፤ ቢሮ ከተባለ፣
ከጎሚስታው በላይ፣ ጎማ ጎማ ሚሸት አንድ ጠባብ ክፍል።
አራት ወንበር ብቻ፣ ሰው ግን የት ጎደለ፤
ሁሉም ባንድ ላይ ነው የሚል።

«አንገኝም!» አለ አደም፣ «መሐላዋን ባዶ ወንበር ይስማው።»
«የቧንቧው ሥራ ይጓተት» አለ ሌላው፣ «ሲጠማ እሷን ያማል ከተማው።»
ብርቄ ቀስ ብላ «ነርስ አይደለች?» አለች፤ «መርፌ ከመውጋት ሌላ
ምን ታውቅና ነው?» ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። በኋላ
አፈርኩ። ቦሩ ሜዳ ተኝታ ሳለች እናቴ
ሦስት ሌሊት ያጠባት ማን ነበር? ሲስተር ጦይባ። ጠላቴ?

እኔ ከፖለቲካ በፊት ረዳት ነበርኩ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፤
የኮምቦልቻን መንገድ፣ ሐረጎን፣ በጉሙ፣ በድጡ፣ በሁሉ፣
በር ላይ ተንጠልጥዬ ነው ያወቅኩት።
ሾፌሩ ጋሽ ይመር፣ አፉ እሳት፤ በጭራሽ አልወደውም ነበር፤
መሪውን ግን አንድም ቀን አልነጠቅኩትም፤ ነገሩ ቀላል ነው፦
ገደሉ ሾፌርና ረዳት ብሎ አይለይም ነበር።
ዝምም አላልኩትም ደግሞ። ዝም ያለ ረዳት ሬሳ ጫኝ ነው።

ጉሙ ሲዘጋ እወርድና ከኋላ «ና፣ ና፣ ና... ቁም!» እላለሁ፤
ቆርቆሮውን በመዳፌ፣ አንዴ ለቁም፣ ሁለቴ ለሂድ፣ እመታለሁ፤
ትርፍ ጫን ሲለኝ «ሞልቷል!» እላለሁ፣
ሰው ፊት፤ ይቆጣል፤ እችላለሁ።
ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ አለኝ፤ ድንጋይ ነው፣ ጠርዙ የተበላ፣
ሮጬ ከጎማው ሥር እሸጉጣለሁ፣ እንዳይንሸራተት ወደ ኋላ።
ወደ ፊት ሲል አነሳዋለሁ።
ይኸን ነው እናንተ የረሳችሁት፤
ታኮን ከፊት የሚያደርግ ረዳት እስከ ዛሬ አላየሁ።

«ሰኞ እንሄዳለን» አልኩ፣ «አንድም ወንበር ባዶ እንዳይሆን፤
ስትምል እንቆማለን፤ እናጨበጭባለን፣ እጃችን ቢከብድ እንኳን፤
ለሷ ብቻ አይደለም፤ ፕላስቲክ ለብሶ በዝናብ ለተሰለፈው፣
እኛን አምኖ ድምፁን ለሰጠው፣ እሷን አምኖ ላሳለፈው።
ማክሰኞ ግን በጠዋት እንጠይቃለን፤ የቧንቧው ብር የት ገባ?
ከሰኞ ገበያ የተነሣው ጉልት ቸርቻሪስ ወዴት ይግባ?
በልጇ፣ በሶላቷ አንገባም፤ በመዝገቧ ግን እንገባለን፤
ስትሳሳት ቆርቆሮውን አንዴ፣ ሰፈሩ እስኪሰማ፣ እንመታለን፤
ስታቃናም ሁለቴ። ይቺ ሁለተኛዋ ናት የምትከብደን።»

አደም ወንበር ገፍቶ ወጣ፤ ጮኸ የጣውላው ደረጃ፤
ብርቄ ፖስተር ታጥፋለች፤ ማንን እንዳሳመንኩ እንጃ።

ስወርድ ሲስተር ጦይባ፣ ሚኒባስ ልትሳፈር፣ ጃንጥላዋን አጥፋ፣
«ሙሄ፣ ሰኞ ትመጣለህ?» አለች፤ ላይዋ ላይ እያካፋ።
«ጥያቄ ይዤ» አልኳት። «ስንት?»
«አርባ ሦስት።»

ሳቀች፤ ገባች፤ በሩ ተዘጋ። መዳፌ በድሮ ልማዱ
ሁለቴ ቆርቆሮውን መታ። ዳገት ነው ከዚህ መንገዱ።
ሚኒባሱ ሲያቃስት ቆሜ ሳይ ከኋላ፣
ዐይኔ ዳር ዳሩን ይፈልጋል፤ ድንጋይ፣ ጠርዙ የተበላ።