ሐረጎን መውረድ

ጦሳ ከትከሻው ጉሙን ሳያራግፍ፣
ቀይ አልፋዬ ተነሣች፣ ቁልቁል ልትከንፍ።
ጋሽ ሙሄ ከጎኔ፣ ቀበቶውን አስሮ፣
ዓይኑን ጨፍኖታል፣ ጆሮውን ወጥሮ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኤንትሬ የነዳ፣
ኩርባው ሁሉ ለሱ የቤቱ ነው ጓዳ።

«ፍሬን ቀድመህ ያዝ፣ መሪው ሳይጠመዘዝ፤
ከታጠፍክ በኋላ ጎማ አይታዘዝ።
ግራህ ፍሪሲዮን፣ የቀኝ ጣትህ ፍሬን፣
ተረከዝህ ቤንዚኑን ነካ ያርግ በመጠን፤
ሁለተኛ ትግባ፣ ጥርሷ ሳይነክሰን።
ገደሉን አትየው፤ ያየኸው ይስባል፤
መውጫውን ተመልከት፣ እጅ ዓይንን ይከተላል።»

አንዱን አጠፍኩና ሌላው ሲመጣብኝ፣
ሲኖትራክ በመስመሬ ተንደርድሮ ገጠመኝ።
ጥጌን ያዝኩ።
ሞተሯ አቃሰተች፣ ጎማዋ ግን ያዘ፤
ጋሽ ሙሄ በዚያች 'ታ አንድም አላዘዘ።

አንዲት ኩርባ ላይ ብቻ፣ አጥሯ የተቀደደ፣
ዓይኑን ሳይከፍት «ጥሩምባ ንፋ» አለኝ።
ነፋሁ።
በዚያ ማን እንደ ወረደ
አልጠየቅኩትም።

ኮምቦልቻ ደረስን፤ ወበቁ ተቀበለን።
ወርዶ ጎንበስ አለ፣ ቸርኬውን ዳበሰ፤
እጁን አላቃጠለው።
«በሞተር ነው የወረድከው» አለ፤ መዳፉን በሱሪው አበሰ።
«በል አዙራት። ዳገቱ ሌላ ነው።»