ቢት፣ ባይት፣ ቤት

አንኩድ በሚሏት ወደብ፣ በቺሎዌ ደሴት፣
ዝናብ ቆርቆሮውን ሲጠብጠው ሌሊት፣
ዶሚቲላ አለች፣ ከጣቢያው ምድር ቤት፣
ዘጠኝ ቴራባይት
የዓሣ ነባሪ ድምፅ ካጨቀ ሣጥን ፊት።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከውኃ ተለቅሞ፣
በጨው አየር መሀል መደርደሪያ ላይ ከርሞ፣
ዛሬ ሳንቲያጎ ሊሄድ፣ የመስታወት ክር ስሞ።

ፋውስቲኖ ገባ፣ ካፖርቱ እየተንጠባጠበ፣
የአዲሱን መስመር ውል ጮክ ብሎ አነበበ፤
«ሺህ ሜጋ በሰከንድ! ሺህ ነው ያስገባሁት፣
ስንት ወር ለምኜ፣ ተሟግቼ ያገኘሁት!
ለሳንቲያጎዎቹ ደውዬ ነገርኳቸው፤
በሁለት ሰዓት ተኩል ይደርሳል አልኳቸው።»

አልሳቀችበትም። እርሳሷን አሹላ፣
በካርቶን ክዳን ላይ ጻፈች ዶሚቲላ፦
«ሺህ ያሉህ በቢት ነው፤ ዲስኩ ግን በባይት፤
ሺህህን ለስምንት አካፍላትና እያት፤
መቶ ሃያ አምስት ናት። ያ ሁለት ሰዓት ተኩል
ሃያ ሰዓት ሆኗል፤ ያውም ሁሉ ሲስተካከል።»

«ዋሹኝ?»
«አልዋሹህም። ውሉን ልብ ብለህ እየው፤
ትንሿ ‹ቢ› ናት እዚህ። ትልቋ ዲስኩ ላይ ነው።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ ይላል የእኛ ሰው፤
እዚህ ግን ሻጭ በፍሬ፣ ጎተራ በቁና ነው የሚሰፍረው።
አንዲት ፊደል ናት፣ በቁመት ብቻ የተለየች፤
ከስምንት ሰባት እጅ ተስፋ ይዛ የጠፋች።

እኔ ይህን ስጽፍ ፊደሌ ያድነኛል፤
ታላቅ ታናሽ አያውቅም፤ ሁሉም እኩል ይቆምልኛል።
በሣልስ ቢት እላለሁ፣ በራብዕ ባይት፣
አንድ እርምጃ ስጨምር፣ ኃምስ ላይ፣ ቤት።
ስምንት ቢት ሲጠጋጋ፣ ሲያድር ባንድ ጣራ፣
ባይት ይሆናል፤ ቤተሰብ፣ ባንድ ስም የሚጠራ።
በመንገድ ግን ሁሉም ለብቻው ነው፣ ብልጭ፣ ድርግም፣ በተራ፤
መስመር መንገደኛ ይቆጥራል፣
ዲስክ አባወራ።

ፋውስቲኖ አልተረታም፤ የዲስኩን ገመድ ያዘ፣
ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ ሌላ ሒሳብ መዘዘ፦
«ስድስት ጊጋ ይላል። ለስምንት። ሰባት መቶ ሃምሳ!»
«እሱ ለአሥር ነው፤ ስድስት መቶ። ሌላውን እርሳ።
በዚህ ገመድ ስምንቱ ብቻቸውን አይሄዱም፤
ሁለት ይታከላሉ፤ ሸክም ግን አይወስዱም።
ምት ጠባቂዎች ናቸው፤ ዝምታው ሲረዝም
ዲስኩ ቆጠራውን እንዳይስት ፍጹም።»

«ሳይሸከሙ የሚጓዙ! አለቃ ናቸዋ፣ እንደኔ!»
አለና ሳቀ። ወንበር ሳበ፤ ካፖርቱን አወለቀ ያኔ።
ከዚያ ስልክ ደወለ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣
«ነገ ማታ» አለ። ሌላ ምክንያት አልፈለገ።

ሌሊቱን ለመግፋት አንዷን ፋይል ከፈተች።
ምንም። ስክሪኑ ላይ መስመሯ ብቻ ትዋኛለች።
«ለእኛ ጆሮ ወፍራም ነው ድምፁ፤ ስምንት ጊዜ ይፍጠን» አለች።

ያን ጊዜ መጣ፤ ዘይት እንደራበው የትልቅ በር ማጠፊያ፣
ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ጎድን አጥንት መጋጠሚያ።
ስምንት ሰከንድ ቆየ። ከዚያ ዝም አለ።
ፋውስቲኖ እርሳሷን ወስዶ «ስምንት በስምንት» አለ፤
ስልሳ አራት። «አንድ ደቂቃ ከአራት ሰከንድ፣ በዚያ ጨለማ፣
አንዲት ቃል ሲጎትት ነበር፤ ማንም ሳይሰማ።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ሞላ። ደረሰ የመጀመሪያው ቀጠሮው።
ከስክሪኑ ግርጌ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ከመቶው፤
ከስምንቱ አንዱ ቤት ገብቷል።
ሰባቱ መንገድ ላይ ናቸው።
ዝናቡም ገና በነጠላ ነው፣ ጣራውን የሚቆጥረው።