ደረሰኝ የሌለው

ከኮሌጁ መጣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ፤
ቁጥሩን ስትነግረኝ አልረጋ አለ ቀልቤ።
የትምህርት ይህን ያህል፣ የመጽሐፍ ይህን፣
የነጭ ጫማ፣ የመድን፣ የክትባት ዋጋውን፣
በሰቅል በሰቅል ደርድራ ስታበቃ፣
«ሌላስ የለም?» አልኳት፤ «የለም፣ እማ፣ በቃ።»

ወረቀት ምን ያውቃል!

አልተጻፈም እዚያ የደምለው ወገብ፣
ሌሊት የሚሰበር በአሽዶድ ወደብ፤
«እህቴ ትቅደም» ብሎ ደብተሩን የዘጋው፣
ኤሌክትሪክ ሊጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረው።
እዚሁ አሽቀሎን፣ ከታችኛው ፎቅ፣
ፈንታዬ አለች፣ ጥርስ ልታስተክል ዕቁብ የምትጠብቅ፤
ዕጣው ሲወጣላት ለእኔ አሳለፈችው፤
«የሌለ ጥርስ ደሞ የት ሊሄድብኝ ነው!»
እስከ ዛሬ፣ ስትስቅ፣ አፏን በእጇ ትይዛለች።

ይህም ሁሉ ይቅር። ክንዴን ማን ጻፈበት፣
ትርንጎዬ መርፌን የተማረችበት?
ፈተናው ሲቃረብ፣ ኩሽና በሌሊት፣
ላስቲኩን አሰረች፣ እጇ እያላባት።
«ጨብጪ» አለችኝ። አንዴ ሳተች። ደገመች። ሦስተኛው ላይ ገባ፤
እኔ ጣሪያ አየሁ፤ እሷን ያዛት እንባ።
ክንዴ በነጋታው በለዘ እንደ በለስ፤
በሐምሌ ሐሩር ረጅም እጅጌ ስለብስ፣
«ማን መታሽ?» ሲሉኝ ካሮት ማሸጊያ ቤት፣
«ማንም» አልኳቸው፤ «መታኝ ትምህርት።»

ይህ ክንድ ድሮም ሰጥቷል።
ለሀገሩ ገና አዲስ ሳለን፣ ደም ለግሱ ሲሉን፣
ተሰልፈን ሰጠን። ብስኩት ሰጡን፣ ጭማቂ ሰጡን።
መድፋታቸውን የሰማነው ከዓመታት በኋላ፣ ከሬዲዮ ነው።
ያኔም ደረሰኝ አልነበረውም።

ባለፈው ሰኞ ለስኳሬ ምርመራ ሆስፒታል ሄጄ፣
በመጋረጃው ክፍተት አየኋት፣ ልጄን፣ ተለማማጅ የሚል ካርድ ደረቷ ላይ።
አንድ ሽማግሌ ክንዱን ዘርግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል።
«ጀመርሽ ወይ?» አላት።
«ጨረስኩ እኮ፣ አባባ» አለችው።
ዓይኑን ገለጠ፤ ጥጡን አየ፤ ማመን አቃተው።

እሱ ያልተሰማው ሕመም የትም አልጠፋም፣
እኔ ዘንድ ነው ያለው፤ ብጠየቅ አልክድም።
በይ አሁን፣ ትርንጎ፣ መነጽሬን አቀብዪኝ፤
ዋስ የሚፈርመው የቱ ጋ ነው? አሳዪኝ።