አስቸጋሪ የሚለው ሳጥን

ማለዳ የመጣው አዴሊኖ ነበር፣
የማቶዚኞስ ወደብ ክሬን ነጂ፣ ትከሻው የሚሞላ በር።
«ጫማዬንም ላውልቅ?» አለ፤ ሳቅን፤ ተኛ፤
ካሜራው ሰተት አለ እንደ ቤተኛ፤
ሰፋ ያለ መንገድ፣ መታጠፊያው ልከኛ፤
በስድስት ደቂቃ ጫፍ ደረስኩ፤ በልቤ ተባልኩ ብልሃተኛ።

ነርሷ ዙልሚራ ምንም አላለች፤
ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ክፍል ቆማለች።
አልጋውን ጠርጋ፣ ጨርቁን ዘርግታ፣
«ትምህርቱ ገና ነው» አለችኝ በዝግታ።

ኤርሜሊንዳ ገባች። አርባ ስድስት ኪሎ።
የሰርዲን ፋብሪካ ጣቶቿን ቀቅሎ፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት በጨው አቁስሎ፣
በአንድ የግድግዳ ሰዓት የሸኛት፣ «እናመሰግናለን» ብሎ።
ከእምብርቷ በታች ቀጭን ጠባሳ፣
ማህፀኗ የወጣበት፤ ስፌቱ በውስጥ ያልረሳ።
ማደንዘዣ ይቅርብኝ አለች፤
ዘጠኝ ሰዓት ላይ የልጅ ልጇን ከትምህርት ቤት ታወጣለች።

ገፋሁ። ከሁለት መታጠፊያ ኋላ
መብራቱ ግድግዳ ሳመ፤ ቀይ ጭጋግ፣ ቀይ ጥላ።
ቱቦው ሆዷ ውስጥ ይጠመጠማል፤
ስገፋው ጫፉ ይሸሻል፤ ክንዴ ያማል።
እሷ ጥርሷን ነክሳ፣ አንጀቷን አስራ፣
«ይቅርታ ዶክተር» አለች፣ «አበላሸሁብህ ሥራ።»

ውስጧ የጠፋሁት እኔ፤ ይቅርታ ጠያቂዋ እሷ።

«አትግፋ» አለች ዙልሚራ፤ «ሳብ፤ ተመለስ፤
ጥቅልሉ ሳይፈታ ጫፉ አይደረስ።
አጭር ስለሆነች አንጀቷም አጭር መሰለህ?
ከዚያ ግዙፍ ሰውዬ ይልቅ እዚህ ብዙ መንገድ አለህ።
በጠባብ ጓዳ የታጠፈ ረዥም ገመድ ነው፣
ጥልቅ ዳሌዋ ውስጥ ወርዶ የሚተኛው።
ስፌቱ ደግሞ ይዞታል።
ሁሌ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግን እንዲህ ይሆናል።»

ቀጭኑን፣ የሕፃናቱን ቱቦ አወረደች፤
ሴትዮዋን በጀርባዋ አዙራ መዳፏን ሆዷ ላይ ጣለች።
ኤርሜሊንዳ ጣሪያውን እያየች ታወራለች፦
«ፋብሪካው ውስጥ ጠረጴዛው በወንድ ቁመት ነበር የተለካ፤
ቋሚዎቹ ግን ሴቶች ነን፤ ባዶ ሣጥን ረግጠን፣ እጃችን እንዲነካ።
ጠረጴዛው ረዘመ ያለ ሰው አልነበረም፤
እኛ ነበርን ያጠርነው።»

ሳብኩ። ለመግባት ወጣሁ።
ገፍቼ ያልከፈትኩት በር ስመለስ ተከፈተ።

አርባ አንድ ደቂቃ።
ከመጨረሻው እጥፋት ጀርባ፣ ምስር የምታክል እባጭ፤
ቆረጥናት።
ጓንቴን ሳወልቅ ገባኝ፤
የጠዋቱ ብልሃቴ፣ ለካ የአዴሊኖ አንጀት ነበር።

ቅጹ ላይ «አስቸጋሪ ታማሚ» የሚል ሳጥን አለ፤
ምልክት አድርጌበት ነበር፤ ሰረዝኩት። ከጎኑ ጻፍኩ፦
«መንገዱ ረዥም ነው። ሌላ ጊዜ ከቀጭኑ ይጀመር።»
ሆደ ሰፊ ይሏታል ጎረቤቶቿ፤
የሆዷን ጥበት የት አይተው?

ቀሚሷን ስታስተካክል ጠየቀችኝ፣
«ስንት ሰዓት ሆነ?»
ስምንት ተኩል።
«እደርሳለሁ» አለች፣ ጫማዋን ቆማ እያሰረች።