የኬላው ጥግ

በዌልስ ምዕራብ ጫፍ፣ ባሕር በሚያገሳበት ዳር፣
ቅድመ አያቴ ኬላ ጠባቂ ነበር።
የፈረስ ሁለት ፔንስ፣ የጋሪ ስድስት፤
ሹመቱ ይኸው ነው፤ አንድ አግዳሚ እንጨት።
ዶፍም ቢወርድበት፣ ቢጨልምም ቀኑን፣
እጁን ዘርግቶ ነው የሚቀበል ሰውን።

ያገሩ መሬት ኮምጣጣ ነበር፤
አጃ ቢዘሩበት ቢጫ ሆኖ የሚቀር፣
ቱልትና እንግጫ ሳይዘሩት የሚያምር።
ገበሬው ዐፈሩን በምላሱ ቀምሶ
ይተፋል፤ ዝም ይላል፤ ይቀምሳል መልሶ።
መድኃኒቱ ድንጋይ፣ መንገዱ በባሕር፤
መርከብ ያራግፋል በሙላቱ፣ ከውሃው ሥር፤
ማዕበል ሲሸሽ ነው ጋሪ የሚሰማራ፣
በከሰል ተቃጥሎ ድንጋዩ ሊሆን ኖራ።

ማርጌድ ከሰልፉ ነበረች፣ መጨረሻ።
ባሏ ባለፈው ዓመት፣ ለውርጩ መሸሻ፣
እምድጃው አፍ ተኛ፣ ተራ እየጠበቀ።
ጢስ የማይመስል ጢስ እንደተኛ ነጠቀ።

እሷ በሌሊት ጫነች። ትኩስ ኖራ፣ እስካፉ የሞላ፤
ሁለት ኬላ አልፋ፣ ሁለቱንም ከፍላ፣
ከሦስተኛው ቆመች። ሰማዩ ከብዷል።
ያልበረደ ኖራ፣ ሕፃን እንኳ ያውቃል፣
ውሃ ከነካው እሳት ይወልዳል።

ቀሚሷን ዳበሰች፣ መቀነቷን ፈታች፤
አምስት ፔንስ ብቻ ከእጁ ላይ ቆጠረች።
“ስትመለሺ ክፈይ” ማለት ይችል ነበር።
“ሕግ ነው” አላት። ቆመ። እንጨቱም እንደ ታጠረ ነበር።
አልተከራከረች፤ ሻርፗን አውልቃ
ጋሪው ላይ አለበሰች።
ዝናብ ግን ሻርፕ አያውቅም።

መጀመሪያ ፉጨት። ቀጥሎ እንፋሎት። ሳንቃው ጋመ፤
ፈረሱን ፈታችው፤ ራቅ ብሎ ቆመ።
እሷ በአካፋ፣ በእጇም፣ እጇ እየተላጠ፣
ግማሹ ተረፈ፣
ግማሹ ከበራችን ፈልቶ ቀለጠ።
ያኔ ነው እንጨቱን ያነሣ። በነፃ።

በሦስተኛው ዓመት ማገጥ አበበ ማሳዋ ላይ፤
ገብሱ ወገብ ደረሰ።
ኖራው እስካለቀባት ብቻ ነው ግን።
ከዚያ ወዲያ፣ በገመድ እንደ ተለካ፣
ቱልቱ ይጀምራል።
ያቺን ቁራጭ መሬት አገሬው ሲጠራ
“የኬላው ጥግ” ይላታል፤ ልጆችም ያውቋታል።

“ማርጌድ ብዙ ኖራ አለፈች” አሉ፣ በቀብሯ ዕለት፣
ሰባ ዘጠኝ ዓመቷን ቆጥረውላት።
እውነት ነው፤ ዕድሜ ነው። ግን እኔ ስሰማው
ጋሪ ነው የሚታየኝ፤
ብዙ ኖራ አላለፈም፣ በእኛ በር።

ዘንድሮ በጸደይ፣
የተፈጨ ኖራ በከረጢት ገዝቼ፣ ትከሻዬ ነጥቶ፣
የልጅ ልጇን ልጅ፣ ኢድዋልን፣ አጥሩ ሥር አገኘሁት።
ኬላው ከፈረሰ ስንት ዘመኑ።
“ያቺን ጥግ ልበትንባት?” አልኩት።
ከረጢቱን አየ። እኔን አየ። ላሞቹን አየ።
“የጎደለችውን አንድ ፔንስ አምጥተሃል?” አለኝ።

አልሳቀም።
ኪሴን ዳበስኩ።